እግዚአብሔር ታማኝ ነው ብሎ መተኛት

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ በዶርማችን የተነሣው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። ነገሩ የጀመረው በትንሹ ነው። አብሮን ከሚያድረው ልጅ አንዱ፣ ከጊንጪ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ እናቱ ቀያቸውን ጥለው ሦስት ታናናሾቹን ይዘው ጊንጪ ከተማ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ መጠጋታቸውን ሰማን። ልጁ ራሱ አልነገረንም፤ የሰማነው ከሌላ ነው። እሱ ውሃ ሊቀዳ በወጣበት ሰዓት «ምን እናድርግ?» ተባለ።

ሁለት መልስ መጣ። አንዱ ጓደኛችን መጽሐፉን አጥፎ፣ «እግዚአብሔር ታማኝ ነው፤ እሱ ያውቃል። እንጸልይላቸው» አለና ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ሁለተኛው ከላይኛው አልጋ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ሥርዓቱ ሳይስተካከል አንድ ቤተሰብ ብትረዳ ምን ትርጉም አለው? የበሰበሰ ቁስል ላይ ጨርቅ መጠምጠም እኮ ነው! መንግሥት ያቃተውን እኛ ከሠራንለት ለጥፋቱ ሽፋን ሰጠነው ማለት ነው» አለ። በዚያው ተያያዙ። አንዱ «ከሃዲ» ሲል ሌላው «አደንዛዥ» እያለ፣ ከነቢያት እስከ አብዮት ያልተጠራ ስም የለም። ልጁ ውሃውን ቀድቶ ሲመለስ ዝም ተባለ። የእናቱ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አልተነሣም። በማግስቱ ቁርስ ሳይበላ ወደ ክፍል ሲሄድ አየሁት።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ነው። ሁለቱም ወዳጆቼ ናቸው፤ ሁለቱም ይህችን ወረቀት ያነባሉ፤ ሁለቱም ቢቆጡኝ አልፈራም። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የሚገርመው ደግሞ ስሕተታቸው አንድ መሆኑ ነው። ሁለቱም ከሌላ ይጠብቃሉ። አንዱ ከሰማይ፣ ሌላው ከአራት ኪሎ። የሚጠብቁት እስኪመጣ ደግሞ ሁለቱም ተኝተዋል።

መጀመሪያ ከላይኛው አልጋ ልጀምር፤ ምክንያቱም በእኛ ግቢ የሚጨበጨብለት እሱ ነው።

ወንድሜ፣ ሥርዓት ይስተካከል ማለትህ ትክክል ነው። እኔ የጊንጪ ልጅ ነኝ፤ ይህን ከማንም አልማርም። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ደብተር የያዙ ልጆች የጭሊሞ ደንና የኳስ ሜዳቸው ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ብለው አደባባይ ሲወጡ፣ ከእነሱ በላይ ትልቅ ሰው ከተማው ውስጥ ጠፍቶ አልነበረም። ትልልቆቹ ዝም ስላሉ ነው ትንንሾቹ የጮኹት። የዚያች ቀን ጩኸት ከጊንጪ ተነሥቶ አምቦን፣ ወሊሶን፣ ከዚያም ኦሮሚያን ሁሉ አዳረሰ። ጥር 2008 የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተሰረዘ። መስከረም 2009 በቢሾፍቱ ኢሬቻ ላይ ብዙ ሰው አለቀ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከተለ። የካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። ይህ ሁሉ ከደብተር ልጆች ተጀመረ።

ታዲያ ከዚያ በኋላስ? «ሥርዓቱ ሲለወጥ» ያልነው ቀን መጣ ተባለ። በመድረክ ላይ የወጡት ሌሎች ነበሩ። አዋሽ ከእኛ ከደንዲ አካባቢ ከፍታ ይነሣል፤ ወንጂንና መተሐራን አጠጥቶ ሸንኮራ ያበቅላል፤ መጨረሻው ግን አፋር በረሃ ውስጥ ነው፤ ከባሕር አይደርስም። የጊንጪም ጩኸት እንደ አዋሽ ሆነ ብል የሚቆጣ አለ? ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ደግሞ በምዕራብ ሸዋ መንግሥትና ታጣቂ ሲዋጉ ገበሬው መሐል ቀረ። ቀን አንዱ ይጠይቀዋል፣ ማታ ሌላው። መንገድ የታገተበት፣ ማሳው ጦም ያደረበት፣ ቀዬውን የለቀቀ ስንቱ ነው? የዶርማችን ልጅ እናት ከእነሱ አንዷ ናቸው።

ይህ የእኛ ዘመን ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ግን የሀገራችን መሪዎች ሲያጎድሉ አሁን የመጀመሪያቸው አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የንጉሡ ሹማምንት ነገሩን ሸሸጉት። የዚያን ጊዜ የስድስት ኪሎ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው የረሃቡን ፎቶግራፍ ለሕዝብ ያሳዩት። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የጆናታን ዲምብልቢ የረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። «ሥርዓቱ ተለወጠ!» ተባለ። ልክ ዐሥር ዓመት ቆጥራችሁ መስከረም 1977 ላይ ቁሙ። ንጉሡን በረሃብ የከሰሰው መንግሥት የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ሲያከብር፣ አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅና በመብራት ስታሸበርቅ፣ ኮረም ላይ ሕዝብ እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ከሳሹ ራሱ ተከሳሽ ሆነ። በ1983 እሱም ሄደ። ከዚያ የመጣውም በተራው ሄደ።

እንግዲህ ልጠይቅህ። ሥርዓት እስኪስተካከል ብለን የተራበውን ብናቆየው፣ ከ1965 ጀምሮ ስንት ጊዜ ቆይ እንበለው? የሦስት ዓመት ሕፃን የሽግግር ጊዜ የለውም። ሆድ ማኒፌስቶ አይጠብቅም።

«ሽፋን መስጠት ነው» ላልከው ደግሞ መልስ አለኝ። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ወሎ ሲራብ ገዥውን ያጋለጠው ማን ነበር? ወርዶ ያየው ነው እንጂ ከተማ ተቀምጦ የተነተነው አይደለም። የተራበን ሰው ያጎረሰ ስንት ሰው እንደተራበ ያውቃል፤ እስረኛን የጠየቀ ማን እንደታሰረ ያውቃል፤ ተፈናቃይን ያስጠጋ ከየት እንደመጣና ለምን እንደመጣ ያውቃል። ማጉረስ ምስክር መሆን ነው። ገዥ የሚፈራው እንዲህ ያለውን ምስክር ነው። ከዶርም አልጋ ላይ የሚሰነዘር ትንታኔ ግን የቱን ሹም እንቅልፍ ነሣ?

አሁን ወደ ታችኛው አልጋ ልውረድ። አንተ ወንድሜ እየሣቅህ ነበር መሰለኝ፤ ተራህ ደረሰ።

«እግዚአብሔር ታማኝ ነው» ብለሃል። እኔም አምናለሁ። ግን ታማኝነቱ በምን በኩል እንደሚመጣ መጽሐፍህን እንደገና ግለጠው። በንጉሥ አክዓብ ዘመን ሰማይ ተዘግቶ ሀገር ሲራብ፣ ንጉሡ ምን ይፈልግ ነበር? ለፈረሶቹና ለበቅሎዎቹ ሣር! ሕዝቡ ሲሞት እሱ የጋጣውን ከብት ያስብ ነበር። (ይህን ስታነብ ማን ትዝ እንዳለህ አልጠይቅህም።) እግዚአብሔር ታዲያ ኤልያስን ወደ ማን ላከው? ጎተራ ወዳለው ሹም አይደለም። ሰራፕታ ወዳለች አንዲት መበለት ነው፤ እሷም የቀራት አንድ እፍኝ ዱቄት ብቻ ነበር፤ ያን ለልጇና ለራሷ ጋግራ በልታ ለመሞት ጭራሮ ስትለቅም ነው ያገኛት።

እስቲ ልብ በል። ዱቄቱ ከሰማይ በጆንያ አልወረደም። በመጀመሪያ እሳት ያነደደችው፣ ያቦካችው፣ ጋግራ ለእንግዳ የሰጠችው ሴትየዋ ናት። ማሰሮው ያልጎደለው እጇን ከከተተች በኋላ ነው። የእግዚአብሔር ታማኝነት በዚያች ሴት እጅ በኩል መጣ። ሴትየዋ «እሱ ያውቃል» ብላ ብርድ ልብስ ብትከናነብ ኖሮ ነቢዩም፣ ልጇም፣ እሷም አብረው ባለቁ ነበር። በእስልምናም ዘካ ከአምስቱ ምሰሶ አንዱ ነው፤ ከጸሎት ጋር ተቆጥሮ የተቀመጠ ግዴታ ነው። የትኛውም ሃይማኖት ጸሎትን የስንፍና ሽፋን አላደረገውም። እኛ ነን ያደረግነው።

ምሳሌ ከሩቅ ሀገር ብቻ እንዳይመስልህ፣ ሁለት የራሳችንን ሰዎች ልጥራ።

አንዱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው፤ የወለጋ ቦጂ ሰው፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩ። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው ለውጭ ረዳቶቿ አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ረዳቶቹ ለልማት ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለስብከት ግን እጃቸው ያጥራል፤ ይህ ሰውን ለሁለት መክፈል ነው የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ሥጋውን ለብቻ፣ ነፍሱን ለብቻ የምታክሙት ሰው የለም፤ ሰው አንድ ነው። አንተ ግን ወንድሜ፣ ከዚያኛው ወገን ሆነህ ያንኑ ስሕተት ትሠራለህ። የልጁን ነፍስ ለእግዚአብሔር፣ የልጁን ሆድ ለቀበሌ ሰጠኸው። የላይኛው አልጋ ጓደኛህ ደግሞ ሆዱን ብቻ ቆጠረ፣ እሱንም ለቀጠሮ አስተላለፈው። ሰውዬው አይከፈልም እያሉ የጻፉለት ለሁለታችሁም ነው።

ቄስ ጉዲና በደርግ ዘመን ደጋግመው ታሰሩ። ከሀገር የመውጣት ዕድል ቀረበላቸው፤ መንጋቸውን ጥለው አልሄዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። እስቲ ንገረኝ፣ እኚህ ሰው እግዚአብሔር ታማኝ መሆኑን አላመኑም? አምነዋል። አምነው ግን አልተኙም። እምነታቸው ከአደጋ አላዳናቸውም፤ ከፍርሃት ግን አዳናቸው። በእኔ ዕውቀት የእምነት ፋይዳው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛዋ ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው፤ የሰሜን ሸዋ ሰው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ወረዱ። የሄዱት ለጸሎት ነበር፤ እንዳንተ። መንገድ ላይ ግን ረሃብ ጠበቃቸው። የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጠበል ብቻ ነበር። አካፈሉት። ሁለት ልጆችም ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባል «ወይ እኔን ወይ ልጆቹን» አለ፤ ዘመድ «አብዳለች» አለ። ወይዘሮ አበበች ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ደሳሳ ጎጆ ገቡ፤ እንጀራና ቆሎ እየሸጡ አሳደጓቸው። ሰኔ 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ በእጃቸው ያደገውን ልጅ ቁጥር በጣት የሚቆጥረው አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ። በዚያ ዘመን መንግሥት አልነበረም? ነበር። ረሃቡን ያመጣው ፖሊሲ ነው የሚል አልነበረም? ነበር፤ እውነትም ነበረው። ወይዘሮዋ ግን ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሕፃኑን መንገድ ላይ አልተዉትም። ከጠበሉ ጋር ሕፃን ይዘው ገቡ። ሳላሚ ማለት ይህ ነው!

ትልልቅ ሰው ጠርቼ እናንተን ለማሳነስ አይደለም። እንዲያውም ትልቅ ስም ሲጠራ «እኔ ምን አቅም አለኝና» ማለት እንደሚቀለን አውቃለሁ። ስለዚህ አንዲት ስማቸው የትም ያልተጻፈ የሰፈራችን ሴት ልጨምር። እኔም አልጽፈውም፤ እኛ ሐርሜ ነው የምንላቸው።

በ2009 በአስቸኳይ ጊዜው ልጃቸው ከብዙ ወጣት ጋር ታሰረ። ስንቅ ቋጥረው በጥቁሩ የወልካ ጭቃ እየተንሸራተቱ ሄዱ። ደጁ ላይ ቆመው ሲያዩ፣ የቅርብ ሀገር ልጅ ስንቅ ይመጣለታል፤ ከሩቅ ተይዞ የመጣው ግን ጠያቂ የለውም። በማግስቱ ሐርሜ ሁለት አገልግል ይዘው ሄዱ። ከዚያ ሦስት። ጤፋቸው ሲያልቅ ለጎረቤት አልደበቁም፤ አንዷ ሽሮ፣ አንዷ ጤፍ፣ አንዷ ማገዶ አዋጣች። ልጃቸው የተፈታ ቀን ሁሉም «ተገላገሉ» አለ። እሳቸው ግን በሦስተኛው ቀን እንደገና አገልግላቸውን አንሥተው ወጡ። እናቴ «ልጅዎ ተፈታ አይደል እንዴ? አሁን ደግሞ ለማን ነው?» ብትላቸው፣ «የእነዚያም እናት እኮ መንገድ ላይ ናት፤ እስክትደርስ ነው» አሉ።

እስክትደርስ ነው! እኔ ከዚህ የበለጠ ስብከት አልሰማሁም፤ ከዚህ የበለጠ ፖለቲካም አላነበብኩም። ሐርሜ መንግሥትን አልተኩም፤ እግዚአብሔርንም አልተኩም። የጎደለው እስኪሞላ ቦታውን ባዶ አላስቀሩትም።

አንዳንዶቻችሁ ይህን አዲስ ነገር እንዳታደርጉት። ሀገሩ ያውቀዋል። ጉዲፈቻ የምንለው ቃል ከኦሮምኛ መጥቶ ዛሬ በሀገሪቱ የቤተሰብ ሕግ ውስጥ ተጽፏል፤ የሰው ልጅ ወስዶ እንደ ራስ ማሳደግ ማለት ነው። ቡሳ ጎኖፋ የሚባለው ከብቱ ያለቀበትን፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ጎሳው አዋጥቶ የሚያቆምበት ሥርዓት ነው፤ በቅርብ ዓመታት በኦሮሚያ በአዋጅ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞለታል። መቋቋሙ ደግ ነው። ግን አባቶቻችን ቡሳ ጎኖፋን ያደረጉት ማኅተም ሳይኖረው ነው። እድሩም፣ ደቦውም፣ ሰንበቴውም ቢሮ አልነበረውም። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ተብሎ በተተረተበት ሀገር፣ ሕዝቡ ንጉሡ ሲከፋ፣ ሰማዩ ሲደርቅ እርስ በርስ ተደጋግፎ ነው እዚህ የደረሰው። እኛ የተማርነው ነን እንግዲህ ማመልከቻ ካልጻፍን፣ ኮሚቴ ካላቋቋምን፣ ፎቶ ካልተነሣን እጃችን የማይዘረጋው።

ስለ ፎቶው ካነሣሁ አይቀር፣ ራሴንም ልክሰስ። በየዓመቱ ኅዳር 2 ሲደርስ ስለ ጊንጪ ልጆች በፌስቡክ እጽፋለሁ። ዓምና የጻፍኩትን ብዙ ሰው ወዶታል። በዚያው ሳምንት ሀገር ቤት ሄጄ ነበር። በዚያ ጊዜ ልጇን ያጣች አንዲት እናት ቤት በር ላይ አለፍኩ፤ ጣሪያዋ ያፈሳል። ቆሜ ሰላም አልኳት፤ መንገዴን ቀጠልኩ። ስለ ልጇ ጽፌ ስለ ጣሪያዋ አልጠየቅኩም። ከሁለቱ የዶርም ጓደኞቼ በምን ተሻልኩ? በምንም። ለዚህ ነው ቅድም ሁለቱም ተኝተዋል ስል ከእነሱ ጎን ሦስተኛ አልጋ እንዳለ የምናገረው።

ስለዚህ ነገሩን ወደ ሥራ ላምጣው፤ አለዚያ ይህም ጽሑፍ ሌላ ብርድ ልብስ ይሆናል።

የመጀመሪያው፦ የዶርማችንን ልጅ በስብሰባ ላይ ስሙን አንጠራም። ችግረኛ ብለን አንመዘግበውም። የተቸገረ ሰው የቀረችው ክብሩ ናት፤ በስንዴ አንለውጣትም። ሁለተኛው፦ እያንዳንዳችን በሳምንት የሁለት ቀን የሻይ ገንዘባችንን እናስቀምጥ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲባል ሰምታችኋል፤ ታናናሾቹ ደብተርና ዩኒፎርም ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ ደግሞ ከሻይ አያልፍም። ሦስተኛው፦ ክረምት ስንዘጋ የጊንጪ፣ የአምቦ፣ የጉደር፣ የሆለታ ልጆች ብዙ ነን፤ በጦርነትና በመፈናቀል ትምህርታቸው ለተቋረጠ ሕፃናት በየሰፈራችን ሁለት ወር ሒሳብና ንባብ ማስተማር አያቅተንም። ጠመኔና አንድ ግድግዳ ይበቃል። አራተኛው፦ ያየነውን እንናገር። ስንት ልጅ ከትምህርት ቀረ፣ ስንት ቤተሰብ ከየት መጣ፣ ማን ሊያደርግ የሚገባውን አላደረገም፤ በቁጥርና በቀን ይዘን ለሚመለከተው እናቅርብ። የላይኛው አልጋ ጓደኛዬ ብዕርህ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። የታችኛው አልጋ ጓደኛዬ፣ አንተም ጸሎትህን አትተው፤ ስትነሣ ብቻ ጆንያውን ከወዲያ ጫፍ ያዝልኝ።

ካሜራ የሚያመጣ ግን ባይመጣ ይሻላል።

«ይህ ሁሉ ተደርጎ መሪዎቹ ባይስተካከሉስ?» የሚል ይኖራል። ላይስተካከሉ ይችላሉ። አክዓብ አልተስተካከለም።  የእግዚአብሔር ታማኝነት በመሪ መልካምነት የሚለካ ቢሆን ኖሮ በዚህ ሀገር የሚያምን ሰው ባልቀረ ነበር። ሕዝቡ ግን ያምናል። ሞኝ ሆኖ አይደለም። ቤተ መንግሥቱ ሲዘጋበት አንዲት ሐርሜ አገልግል አንሥታ ስትመጣ ደጋግሞ ስላየ ነው። እኛ ያንን አገልግል ካላነሣን፣ ልጁ ነገ «እግዚአብሔር ታማኝ ነው» ስንለው ለምን ያምነናል?

ይህን የሚቃወም ይጻፍ፤ ወረቀቷ ለሁሉም ክፍት ናት። በዶርማችን ስድስት አልጋ አለ። አንዱ የልጁ ነው። ከቀሩት አምስት ሦስታችን ከባለፈው ቅዳሜ ጀምረናል።

ሁለት አልጋ ይቀራል።

የጊንጪው